በደሞዝ ጓሮ የተፈለፈለው ጉድጓድ

ደሞዝ ለቀበሌው በሰጠው ቃል፣ ጓሮው ውስጥ ዓለት አስፈልፍሎ ያሠራው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው አለ። ከቤቱ በታች የሚያርሰው ጎረቤቱ ታፈረ ግን መዋኛ ነው ብሎ ከሰሰው፤ ፈረንጅ ተመልሶ ራቁቱን እንዲንቦጫረቅበት የተዘጋጀ የአድኃሪያን መዋኛ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሻዬ ሁለቱንም ሰምቶ፣ በመስከረም ወር በአንዱ ማለዳ በዓይኑ ሊያይ መጣ።

የደሞዝ ሚስት የሻረግ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትመለከታቸዋለች። እውነቱን ታውቃለች። ደሞዝ አስጎብኚ ሳለ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ መዋኛ አይቶ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ላሊበላ ላይ መዋኛ ያለው የእንግዳ ማረፊያ እከፍታለሁ ብሎ፣ ከአባቷ ቤት ነድታ ያመጣችውን በሬ ሸጦ ለድንጋይ ጠራቢ ከፈለ። ጉድጓዱ ሲያልቅ አብዮቱ ፈነዳ፤ ፈረንጁም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ቃል የሚለዋወጡት ሲጣሉ ብቻ ነው።

"የክረምቱን ጎርፍ ሁሉ ወደ ጓሮው ጠልፎ የእኔን ገብስ አደረቀው" አለ ታፈረ። "ሰው የሚጠጣው አጥቶ እሱን ዋና ያምረዋል!"

"አንተማ ከውሃ ጋር ብትተዋወቅ ገላህን ትታጠብ ነበር" አለ ደሞዝ።

"ዝም በሉ!" ጋሻዬ ዱላውን ወደ ውሃው ሰደደ። በአንዱ ዳር ውሃው ከጉልበት አያልፍም፤ በሌላው ዳር ዱላው እስከ መያዣው ሰመጠ። "ማጠራቀሚያ ከሆነ አንዱን ወገን ጥልቅ፣ ሌላውን ልጅ የሚቆምበት ያደረግኸው ለምንድን ነው?"

ደሞዝ ዓይኑን ወደ ሚስቱ ወረወረ።

ጋሻዬ ወደ የሻረግ ዞረ። "አንቺ ተናገሪ። መዋኛ ከሆነ ቤቱም ጓሮውም ለቀበሌ ነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ይሄዳል።"

ደሞዝ ጠጋ አላት። "አደራሽን" ብሎ አንሾካሾከ። "ፈረንጅ አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም። ያኔ በበሬሽ ፈንታ ሁለት እገዛልሻለሁ።"

"ዛሬም ፈረንጅ?" አለችው።

ታስሮ ቢሄድ ባልጠላች ነበር። ግን ቤቱ ከተወሰደ ከልጆቿ ጋር የት ትወድቃለች? ብትዋሽለት ደግሞ ይኼው ሰው መዋኛውን እያየ፣ ፈረንጅ እየጠበቀ፣ ሌላም በሬ ሊሸጥ ነው።

"ዓለቱ ነው" አለች ጮክ ብላ። "ከዚህ ወገን ጠንክሮ እምቢ ሲለው ጠራቢው ተወው። የውሃ ማጠራቀሚያ ነው።"

"የባሏ ብጤ ውሸታም!" አለ ታፈረ። ደሞዝ ፈገግ ማለት ጀመረ።

"አልጨረስኩም" አለች የሻረግ። "ማጠራቀሚያ ከሆነ ውሃው የመንደሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የፈለገ እንስራውን ይዞ ይምጣ። ይኼ ዳር ተሰብሮ ወደ ታፈረ ገብስ የሚወርድ ቦይ ይወጣለታል። ዓለቱን የሚሰብረው ደግሞ ደሞዝ ራሱ ነው፤ አሁኑኑ፣ እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ይጀምራል።"