መርዶ በወደቡ አጥር

ባንኮች በወደቁ በዓመቱ፣ ባለቤቷ የከሰረ አንዲት የጭነት መርከብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ኦስሎ ወደብ ላይ ታሰረች። መርከበኞቹም አብረዋት ታሰሩ። ወደ ከተማ መውጫ ቪዛ የላቸውም፤ ጥለዋት ቢሄዱ ደግሞ የለፉበትን ደመወዝ ውኃ ይበላዋል።

ከመካከላቸው አበሻ መክብብ ብቻ ነበር፤ የሞተር ክፍል ሠራተኛ፣ የደሴ ልጅ። እዚያው ኦስሎ የምትኖረውና ሲኬየም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው አበሻ፣ ዋጋዬ፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ምግብ ትቋጥርለታለች። እሱ ከመርከቡ ወርዶ በአጥሩ ማዶ ይቆምና በእሷ ስልክ ወደ ቤቱ ይደውላል። "እማዬ፣ ደመወዜን ልቀበል እንጂ አዲስ አበባ ወስጄ አሳክምሻለሁ" ሳይል ዘግቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ያ ስልክ ጠራ። የመክብብ ታላቅ እህት ተናኜ ነበረች።

"እማዬ ዐረፈች። ትናንት ቀበርናት" አለች። "አደራሽን እህቴ፣ እንዳትነግሪው። ሰው በሌለበት፣ ብረት ላይ ተቀምጦ መርዶ አይሰማም። አገሩ ሲገባ እኛው እንነግረዋለን።"

ዋጋዬ ቃሏን ሰጠች። ለእሷም አንድ ማለዳ ሊንደበርግ ሰፈር ያለው ቤቷ ድረስ ሦስት ሰዎች መርዶ ይዘው መጥተውላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጠዋት በር ሲንኳኳ ቶሎ አትከፍትም።

እሁድ መክብብ ፂሙን ተላጭቶ ጠበቃት።

"ምነው፣ ሙሽራ መስለሃል" አለችው ምግቡን እያቀበለችው።

"ሙሽሪትማ ይቺው ናት፣ ዝገታም ብትሆንም" አለና በአገጩ መርከቧን አሳያት። "የመርከቧ ድርጅት ጠበቃ መጥቶ ነበር። ደመወዛችንን ትተናል ብሎ ለፈረመ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆረጥለታል። አራቱ ፈረሙ። ነገ ጠዋት መኪና ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቲኬት የለም።"

"አንተስ?"

"ባዶ እጄን ገብቼ እማዬን በምን ላሳክማት? እቆያለሁ።"

"ሂድ፣ መክብብ። ጤናህ ይበልጣል።"

"እናትሽ ብትሆን ትሄጂ ነበር?" ሳቅ አለ። "በይ ስልኩን፣ ድምጿን ልስማ።"

"ባትሪው ሞቷል" አለች።

ሄልስፊር ጣቢያ ከባቡር ወርዳ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለጋሽ ተረፈ ደወለችና የመክብብን ነገር ነገረቻቸው።

"ካልነገርነው ለሞተች እናት ብሎ መቅረቱ ነው። ልመለስና ልንገረው?"

"ብቻሽን? በምሽት?" አሉ ጋሽ ተረፈ። "ምን በድሎን ነው እንዲህ የምናረዳው? መርዶ ወግ አለው፣ ልጄ። ሰው ይዘን ነገ በማለዳ እንሄዳለን።"

"መኪናው ጠዋት ነው የሚመጣው።"

"እንቀድመዋለን።"

መመለስ ትችል ነበር። ወደ ቤቷ ገባች።

በማለዳው ጋሽ ተረፈ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጨምረው መጡ። የወደቡ ጥበቃ ግን ቢሮ ሳይከፈት ማንንም አልጠራም አለ። ዋጋዬ በኖርዌይኛ ለመነችው፤ "ናይ" አለና መስኮቱን ዘጋ። እዚያው ቆመው እያሉ አራቱን መርከበኞች የያዘች መኪና ከበሩ ወጥታ አለፈቻቸው።

መክብብ በመጨረሻ ተጠርቶ ወረደ። ዋጋዬን አየ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙትን ጋሽ ተረፈን አየ፣ ሦስተኛውን ሰው አየ። ጋሽ ተረፈ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እጁን አነሣ።

"ገባኝ። መቼ ነው?"

"ያለፈው ሰኞ ተቀበረች" አለች ዋጋዬ።

"ትናንት ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ትናንት ብትነግሪኝ እፈርም ነበር" አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ዋጋዬ ጠበቃው ዘንድ ደወለች። ጊዜው አልፏል አሏት። ጋሽ ተረፈ ጸሎት ጀመሩ። አገሩ ቢሆን ሰው ግራና ቀኝ ይይዘው ነበር፤ ዋጋዬ ጣቶቿን በሽቦው አሾልካ የደረሰችው እጅጌው ላይ ብቻ ነው። ከመርከቧ ላይ አንድ ሰው ስሙን ጠራ። አራቱ ከሄዱ ወዲህ ጀነሬተሩን የሚያስነሣ ሌላ አልነበረም። መክብብ እጅጌውን በቀስታ አስለቅቆ መሰላሉን ወጣ።

ሐዘንተኛን ጥሎ መሄድ ነውር ነውና ሦስቱም አልሄዱም። ጋሽ ተረፈ የሲሚንቶ ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ጥበቃው ወጣ፤ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው አላቸው።