ግማሽ ጓርኒሲዮን

«ጓርኒሲዮኑ ዛሬም አልለቀቀም» ሲሉ አቦይ ጊላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሐዘንተኛው አስታወቁ። ዳሱ ውስጥ ያለ ሁሉ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

የሟቹ የአቦይ ወልደንኪኤል አሮጌ ሞተር ብስክሌት ተፈታቶ ግቢው ጥግ ካለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሲሊንደሩ አፍ ላይ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚገባው ወረቀት፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ግማሹ ተፍቋል፤ ግማሹ ጠቁሮ ተጣብቋል። የአስመራ መካኒክ ሁሉ ጎንበስ እያለ አይቶ «ድንጋይ ሆኗል» ብሏል። አንድ ሻይ እስኪጠጣ ሊያነሳው የማይችል ግን አልነበረም።

ግማሹን የፋቀው ልጃቸው ፍጹም ነው። አገር ጥሎ የወጣ ዕለት እጁን በላምባ እያጠበ «ባባ፣ የቀረውን እንዳትነካብኝ፤ ስመለስ እጨርሰዋለሁ» አለ። ከሊቢያ ጠረፍ ደውሎ «ነገ ጀልባ አለ» ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አባት እስኪሞቱ በየማለዳው ወረቀቱን ላምባ በብሩሽ ይቀቡት ነበር እንጂ አይፍቁትም ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው «እምቢ አለኝ» ነበር።

«ጊላይ ወንድሜ፣ አልነካካችሁትም አይደል?» አሉ የሟቹ ባለቤት አደይ ለተማርያም።

«በምን አቅማችን! ለፍጹም እጅ ካልሆነ አይለቅም።»

«እሱስ ሲነካው ይታዘዝለታል» አሉና አደይ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። መንገዱን አሻግረው ማየት ግን አልተዉም።

ከሰዓት በኋላ ከደቀምሓረ ሃብተጽዮን የሚባል የሩቅ ዘመድ መጣ። ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ ወደ ጠረጴዛው ሹልክ አለ። ወረቀቱ ላይ ከበራዱ የፈላ ውሃ አፈሰሰበት፤ አሉሚኒየሙን እንዳይጭር ካቻቪቴውን ትቶ የቀንድ ማንኪያ አነሳና በጫፉ ገፋው።

«አሜን» ከተባለ በኋላ ድምፁ ተሰማ።

«ለቀቀ! እናንተ የአስመራ ሰዎች ከማኪያቶ ብርጭቆ ሌላ የምታነሱት የለም እንዴ? ቅቤ ነበር እኮ!»

ማንም አልሳቀም። ሃብተጽዮን ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

አደይ ለተማርያም ተነስተው ሄዱ። የጸዳውን ብረት በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት። ከዚያ ተመልሰው ፍራሻቸው ላይ ተቀመጡ። ወደ መንገዱ አላዩም።

አቦይ ጊላይ ከመቀመጫቸው ተነሱ። አደይን በቀብሩ ዕለት አጽናንተዋቸው ነበር። አሁን ገና እንደመጣ ለቀስተኛ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።»

ሴትየዋ «ስለ ማን?» አላሉም። እጃቸውን ሰጧቸው። ከአቦይ ጊላይ ኋላ ሰዉ አንድ በአንድ ተነስቶ ይሰለፍ ጀመር።