ሊታሰብበት ይችላል

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ በረዷማውን የሃሚልተንን ክረምት ያለ ጓንት ልክረመው። ያላመነ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የያዘችውን ግሌንዳን ይጠይቅ፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች።

አዋላጇ ዶሪን ማካይ ከሰሜን ሁለት ቀን መኪና ነድታ ስትደርስ፣ አዳራሹ ውስጥ አስራ ስምንት ሊቃውንት ተሰይመዋል። የማዕረጋቸው ክምር ጣሪያ ይነካል። ከወሊድ በኋላ ለምትደማ ሴት የጻፉትን መመሪያ ሁለት ጎረምሶች በጋሪ ነው ያስገቡት። ሦስት ዓመት ተከራክረው፣ አንዱን ያስኮረፈውን ቃል ሁሉ እያለሳለሱ፣ በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙባት ዓረፍተ ነገር ይህች ናት፦ «ደም የሚያቆመውን መድኃኒት ቀደም ብሎ መስጠት ሊታሰብበት ይችላል።»

«ተቃውሞ ያለው?» አሉ ሰብሳቢው ዶክተር ፔንሄል፣ እስክሪብቷቸውን እየከደኑ።

«እኔ አለኝ» አለች ዶሪን።

ባለፈው ጥር ሦስት ባለሙያዎች ረቂቁን ይዘው ሲያስቡ፣ ሲያስቡ፣ ቲና የምትባል ወላድ ማህፀኗን አጥታለች። እጇን ይዛት የነበረችው ዶሪን ናት። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ከጸደቀ ሌላ ቲና እንደምትመጣ ታውቃለች።

«ወይዘሮ ማካይ፣ በዚህች ቃል ለመስማማት እኮ ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል።»

«ለመስማማትማ ትመቻለች! ለሥራ ነው የማትሆነው። ማን ነው የሚያስበው? መቼ? ስንት ደም ሲፈስ? በሉ ወረቀት ያዙ። ወላዷ እየደማች ነው፤ በስንተኛው ደቂቃ ትሰጣላችሁ? መኮራረጅ የለም!»

«ፈተና መሆኑ ነው?» ብሎ ሳቀ አንድ ፕሮፌሰር።

«አይዞህ ፕሮፌሰር፣ መጽሐፉን የጻፍከው አንተ ነህ።»

አስራ ስምንት ሰው ጻፈ፤ አስራ ዘጠኝ መልስ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ከራሱም ጋር አልተስማማም። ያኔ ዶሪን ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት መዥረጥ አድርጋ አወጣች፦ «ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ መድኃኒቱን ወዲያው ስጪ። ሰዓቱን ጻፊ። ሐኪም ጥሪ።» ፔንሄል መመሪያቸውን ቀዳደዱት። አስራ ስምንት እጅ ወጣ፤ ከጭብጨባው ብዛት ደጅ ያለው ሐይቅ በረዶ ተሰነጠቀ!

ግሌንዳ የሻይ ኩባያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ፈተና አልነበረም» አለች። «ዶሪን የተናገረችው አንድ ቃል ነው፤ ‹አልስማማም› አለች። አስራ ስምንት ለአንድ ተሸነፈች። ወረቀቷን አገሯ እንደገባች የማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ሦስት ጊዜ አንስተውባታል። አሁንም እዚያው ነው።»