የዋሴ ምልክት

አባባ ይቆጡ እንግዲህ፣ ዘጠኙ አልቋል ሦስት ይቀረኛል፣ ነገ አርብ ጓደኛዬ ያዕል የጀልባ ወደቡ ማሪና ላይ ጠረጴዛዋን ስትዘረጋ ከእሷ ቦርሳዎች ጎን የእኔ የድንጋይ ጌጦች ይደረደራሉ፣ ከፊት አበባ፣ ከጀርባ የአባቴ የዋሴ ምልክት። አለቀ።

ውሃ ልጨምር፣ ድንጋይ ሳይረጥብ አይነካም፣ አቧራው ሳንባ ይበላል፣ የኩሽናው ጠረጴዛ እንደሆነ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ መቅረጫዋ እጄ ውስጥ ትንዘፈዘፋለች፣ ቀስ፣ መጀመሪያ ማጭድ የመሰለው ኩርባ፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ሦስት ጭረት። አባባ ጎንደር እያሉ በሠሩት ማረሻ ሁሉ ላይ የሚመቱት ይኸን ነበር፣ ገበሬው ገዝቶ ይሄድና ቤቱ ሲደርስ በሞረድ ይፍቀዋል፣ ከማን እንደገዛ ጎረቤት እንዳያውቅበት፣ ማረሻው ይፈለጋል፣ ሠሪው ግን ቡዳ ነው ይባላል። ይኸን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረው፣ እሳቸው ትንፍሽ አይሉም። እስራኤል፣ አሽዶድ ከገቡ ሃያ ሁለት ዓመት ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ፣ መዶሻ ሲይዙ አላየሁም፣ አንዲት ምስማር ለመምታት ጎረቤት የሚጠሩ ሰው። ያ ባለሙያ!

ምልክቱን ይመቱበት የነበረውን ብረት ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ነው ያገኘሁት፣ ቁም ሣጥን ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አውሮፕላኑ ላይ ምንም አትያዙ በተባለበት ቀን ደብቀው ያመጡት። ከጠሉት ለምን አመጡት? ሳሳያቸው መልሽው፣ አሉኝ፣ ሌላ ቃል የለም። አልመለስኩትም፣ የብረቱን ፊት እያየሁ ልክ እንዳለ ወረቀት ላይ ሳልኩት።

ስልክ። ያዕል ናት። ማ ኮሬ፣ እንዴት ነሽ፣ ጨረስሽ? ልጨርስ ነው። ሰው ከጀርባው ያለው ምንድን ነው ቢለኝስ? የአባቴ ነው በያቸው፣ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ በያቸው። አባትሽ ያውቃሉ? ነገ እንገናኝ፣ ያዕል። ቤሴደር፣ ቤሴደር፣ እሺ ትላለች።

የአባባ ሬዲዮ ተዘጋ። ነጠላ ጫማቸው እየተጎተተ ይመጣል፣ ልሸፍነው፣ አይ፣ አልሸፍንም፣ ተሸፍኖ የኖረው ይበቃል፣ ግን አርባ ዓመት አልፎኝ አባቴን እፈራለሁ።

አንዱን ያነሳሉ። አበባውን ጨርሶ አያዩትም፣ ይገለብጡታል፣ ወደ መስኮቱ ያስጠጉታል፣ በአውራ ጣት ይዳስሱታል፣ አሁን ይወረውሩታል፣ ይወርውሩት፣ እንደገና እሠራለሁ።

ከየት አየሽው? ከብረቱ፣ አባባ። ከፊቱ? አዎ። ይኸ የኔ አይደለም። የኔ ወደ ቀኝ ነው የሚከፈት፣ ብረቱ ላይ ወደ ግራ ይቀረጻል፣ ሲመታ ይዞራል፣ ይኸን የቀጥቃጭ ልጅ እንዴት አታውቅም፣ ማን አስተማረሽ?

ማን ያስተምረኝ ነበር፣ አባባ? አመለጠኝ፣ ድምፄም ከፍ ብሏል። ዘጠኙም ግራ ነው፣ ዘጠኙም ስህተት፣ አንድ ሳምንት የደከምኩበት።

ፍቂውና እንደገና ጀምሪ፣ ይላሉ።

አልፍቅም። የፋቁት ይበቃሉ፣ እኔ አልፍቅም፣ ይቆጡኝ፣ አልፍቅም።

ወንበር ይስባሉ፣ ዘጠኙን አንድ በአንድ ለቅመው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ፣ እነዚህ አይሸጡም፣ እርሳስ አምጭ፣ ይላሉ። ሦስት ብቻ ይዤ ልውጣ? ያዕል ታብዳለች። እርሳስ አምጭ ብያለሁ። አሥረኛው ድንጋይ ላይ ኩርባውን ወደ ቀኝ ከፍተው ይስላሉ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላው እጅ፣ አንዴም ሳይነሳ፣ ኋላም ድንጋዩን ወደ እኔ ይገፉታል።

ምን ታፈጥጭብኛለሽ፣ ጀምሪ እንጂ፣ ነገ አርብ አይደል?