ከአቡጀዴው ጀርባ

ባሌ አብዱረዛቅ በመንግሥት እርሻ ስድስት ዓመት ትራክተር ነድቶ፣ ሲወጣ የማያርፍ የጆሮ ጩኸት ይዞ ወጣ። ጆሮ ሲጮህ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ማውረድ ልማዳችን ነው፤ የሱ ደግሞ ሌት ተቀን ስለሚጮህ ከንፈሩ ከሰለዋት አርፎ አያውቅም። ‹‹ሸይኮቹም እንደኔ አያወርዱም›› እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ሌሊት ሲገላበጥ አየው ነበር።

አንድ ጊዜ በበዓል ሰልፍ ድምፅ ማጉያ ሥር አቁመውት ስምንት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ‹‹የቀረውን ጆሮህን ከፈለግከው ከማጉያ ራቅ›› አለው።

በ1974 ጥቅምት ላይ የሲኒማ መኪና ሸዋ ሮቢት መጣ። እኔ ሲኒማ አንድ ጊዜ ሳላይ መሞት አልፈልግም ነበር፤ ያለ እሱም ማየት አልፈለግኩም።

‹‹ከጣይባ ጋር ሂጂ›› አለኝ። ጣይባ ጎረቤቴ ናት።

‹‹ያገባሁት ጣይባን ነው እንዴ?›› ብዬው አኩርፌ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳው ሄዶ፣ መሬት እንደሚለካ ሰው ሲዞር ቆይቶ ተመለሰ። ‹‹ራህመት፣ ተነሽ። የማጉያው አፍ ወደ ሕዝቡ ነው፤ ከጀርባው ብንቀመጥ ጩኸቱ ይቀንሳል። ፊልሙ የሚያርፍበት ጨርቅ አቡጀዴ ስለሆነ ከኋላም ይታያል ብሎኛል የሲኒማው ሰውዬ።››

ጥጥ በሰም አሽቼ ጆሮዎቹን ደፈንኩለት። ‹‹ከባሰብኝ እጅሽን እጨብጥሻለሁ፤ ያኔ ወዲያው እንሄዳለን›› አለ። እሺ አልኩት፤ በልቤ ግን ባትጨብጠኝ እያልኩ ነበር።

መግሪብ ሰግደን ሄድን። ከተማው በሙሉ ከፊት ለፊት ተኮልኩሏል፤ ከጀርባ እኔና እሱ፣ ከታሰሩ ሁለት አህዮች ጋር። ፊልሙ የሩቅ አገር ገበሬዎች ታሪክ ነበር። ድምፁ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ሆኖ ይሰማል። ሠርግ ላይ ደረሰ። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊያጎርሳት ዳቦ ሲቆርስ አብዱረዛቅ እጄን ጭብጥ አደረገኝ።

ሻርፔን ሰብስቤ ተነሣሁና ከንፈሬን እንዲያይ ወደ ፊቱ ዞሬ ‹‹ጆሮህ ነው?›› አልኩት።

‹‹ጆሮዬ ምን ሆነ? እዪ እንጂ፣ በግራው ሊያጎርሳት ነው። አስተግፊሩላህ።››

ዞሬ አየሁ። እውነትም በግራው። እሷም ፈገግ ብላ ጎረሰች። አማቶቹ በግራ፣ ሚዜዎቹ በግራ። ‹‹አሳዳጊ የሌላቸው›› ብዬ ቁጭ አልኩ። አብዱረዛቅ ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ፣ እንዲማሩበት ያህል፣ በቀኙ አጎረሰኝ። ከሠርጋችን ወዲህ አጉርሶኝ አያውቅም ነበር።

በነጋታው ጎረቤታችን ጋሽ ይልማ ‹‹በቀኙ ነው ያጎረሳት›› ቢለን ወላሂ ብለን ተከራከርነው። ‹‹ከጀርባ አይታችሁ ተገልብጦባችሁ ነው›› ብሎ እስኪያስረዳን በሳቅ ሞተ። እኔ ገባኝ፤ አብዱረዛቅ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለም። ደግነቱ ጆሮው ከነበረበት አልባሰም። ከዚያ ወዲያ የሲኒማው መኪና በመጣ ቁጥር ጀርባው የኛ ሆነ። ደስ የሚል ዘመን ነበር አልልም፤ ብዙ ነገሩ ክፉ ነበር። ያቺ ቦታ ግን ደስ ትል ነበር።

ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። አምና ልጃችን ሙሚና አዲስ አበባ ትልቅ ሲኒማ ቤት ወሰደችኝ። ወንበሩ ለስላሳ፣ ድምፁ ደረት የሚመታ። የፊልሙ ሰዎች ሁሉ በቀኝ እጃቸው ይበላሉ። ሻርፔን ሰብስቤ ተነሣሁ።

‹‹እማ፣ ምን ፈለግሽ?›› አለችኝ።

‹‹ወደ ጀርባው በየት ነው የሚዞረው?››

‹‹ጀርባው እኮ ግድግዳ ነው።››

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የሚጨብጠኝ እንደሌለ እያወቅኩ፣ እስኪያልቅ ድረስ እጄን በወንበሩ ክንድ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ።