የመስኮቱ ዳር ወንበር

በዚያ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፀጉር አስተካካዩ ከልጁ አስተማሪዎች ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። «ልጄን ፊደል ያስቆጠረ ሰው እኔ ዘንድ ሊከፍል? ሞቼ ነው ቆሜ!» ይላል። ልጅቱ ፊደል ቆጥራ ከጨረሰች ስንት ዘመኗ፤ አሁን የመጨረሻው ክፍል ደርሳለች። እሱ ግን ያው ነው።

ከአስተማሪዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ምክትል ርዕሰ መምህሩን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ፣ መስኮቱ ዳር ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ስለ ልጅቱ ጉብዝና አንድ ሁለት ነገር ተናግረው ይሄዳሉ። ያቺ ወንበር ከሳቸው በፊት ሌላ ሰው ከተቀመጠባት እንኳ ባለቤቱን ቅር ይለዋል።

ዘንድሮ ግን ነገር መጣ። ያ በስሙ ብቻ ወላጅ የሚያስጎመጅ ዩኒቨርሲቲ ከየትምህርት ቤቱ የሚቀበለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። አንዱን የሚመርጠው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሲሆን ሰብሳቢው ምክትሉ ናቸው። ለመጨረሻው ምርጫ የቀረቡት ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የፀጉር አስተካካዩ ሴት ልጅና የፋርማሲስቱ ወንድ ልጅ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን አምና ታማ ስለከረመች ውጤቷ ትንሽ ጎድሏል። የፋርማሲስቱ ልጅ ግን አስነጥሶት እንኳ አያውቅም መሰለኝ፣ ከክፍል ቀርቶ አያውቅም። እንግዲህ ልጅቱ ቆሞ የሚከራከርላት ሰው ያስፈልጋታል ማለት ነው። አባቷም «ሰው አለን» ብሎ ተኝቶ ያድር ነበር።

ስሟ በቀረበ ሰሞን ምክትሉ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ተላጩ። ሲነሱ ግን ከኪሳቸው ብር አወጡ።

«ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?»

«ዛሬ እንኳን ተቀበለኝ።»

«ሰድበውኝ ቢሄዱ ይሻለኝ ነበር!» አለና ብሩን መልሶ ኪሳቸው ውስጥ ወሸቀው። ምክትሉ አንድ ነገር ሊናገሩ አሰቡና ተዉት። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ።

መጀመሪያ «ታመው ይሆናል» አለ። ከዚያ አጠገቡ ያለው ልብስ ሰፊ ወሬ ይዞ መጣ። ይሄን ሰውዬ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም።

«ሰውዬህን አየኋቸው» አለ ሬዲዮ። «ከአዲሱ ፀጉር ቤት ሲወጡ። ጢማቸው ሙልጭ ብሎ!»

«የትኛው አዲሱ?»

«ፋርማሲው አጠገብ ያለው ነዋ! ግድግዳ ለግድግዳ።»

ፋርማሲው አጠገብ! ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ የገባው ጥርጣሬ አላስበላ አላስተኛ አለው። ያ ብር ለካ የስንብት ኖሯል! መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላምታቸው አጠረችበት። አንድ ቀንማ እሱን ሲያዩ ወደ ማዶ ተሻገሩ፤ በዓይኑ በብረቱ አየ።

«የበደለህ ሰው አንገቱን ለምላጭህ አይሰጥም» አለው ሬዲዮ። ይሄን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወዳጄ!»

ማታ እራት ላይ ልጁን ያዛት።

«ምክትሉ ለፋርማሲስቱ ልጅ ይስቁለታል?»

«አባዬ፣ እሳቸው ለሁሉም ይስቃሉ።»

«እኔን አይተው መንገድ ተሻገሩ እኮ!»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ በእናትህ ተዋቸው። ኮሚቴው እስኪጨርስ አታናግራቸው፣ ትምህርት ቤትም አትምጣ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ተዋቸው። በሞቴ!»

ይሄን ስትል አንገቷን ደፋች። አየህ፣ ብልህ አባት ቢሆን ኖሮ «ይቺ ልጅ የምታውቀው ነገር አለ» ይል ነበር። የኛ ሰውዬ ግን «አስፈራርተዋታል» አለ። አንዴ የጠረጠረ ሰው ምን ይደረጋል? ውሃ ብትሰጠው መርዝ ነው የሚለው።

ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን ሬዲዮን እየላጨ ነበር። ግማሽ ጉንጩን ጨርሷል፤ ግማሹ ገና አረፋ ነው። ሬዲዮ ደግሞ አረፋም አፉን አያስይዘውም።

«ይሄኔ ልጅህን ሸጠው ጨርሰዋል» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ። ሬዲዮ ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ በግማሽ ጢም ተከተለው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ወዴት ነው?» ቢለው አልሰማም። የስብሰባውን ክፍል በር በረገደው። ምክትሉ ጠረጴዛው ራስ ላይ ናቸው፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች ግራና ቀኝ።

«አንተ!» አላቸው። በዕድሜው አንተ ብሏቸው አያውቅም። «ይሄን ሁሉ ዓመት በነጻ ላጨሁህ! ጢምህን እንደ ልጄ ፊት ተንከባከብኩ! ውለታዬ ይሄ ነው?»

የኬሚስትሪ አስተማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በነጻ ነው ያሉት?»

«በነጻ! ብር ሲያወጣ እንኳ መልሼ ኪሱ የከተትኩ እኔ ነኝ! ሬዲዮ ምስክሬ ነው!»

ሬዲዮ ከበሩ ላይ «እውነቱን ነው!» አለ።

ምክትሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የተቆጡም አይመስሉም ነበር።

«በል ወንድሜ፣ ወደ ሥራህ ሂድ» አሉት።

ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። «ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው!» እያለ የሬዲዮን ሌላኛውን ጉንጭ ጨረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተና ምክትሉ ገቡ። ባርኔጣቸውን ሰቀሉ፣ መስኮቱ ዳር ሄደው ተቀመጡ።

«እስቲ ላጨኝ» አሉ። «ከእንግዲህ የሚያግደኝ የለም።»

ፀጉር አስተካካዩ ደስ አለው፤ አፈረም። ጥፋታቸው ገብቷቸው ለእርቅ የመጡ መሰለው። አረፋውን እየቀባ «ያን ቀን አፌ አምልጦኝ ነው፣ ጋሼ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ከተወዳዳሪ ቤተሰብ ውለታ የበላ ሰው ድምፅ አይሰጥም፤ ደንባችን ነው» አሉ ምክትሉ በመስታወቱ ውስጥ እያዩት። «እንዲህ ተብሎ ልጅህ እንዳትጎዳ ነው እግሬን የሰበሰብኩት። ከፍዬ ልሂድ ብልህ አንተ እምቢ አልክ።»

ብሩሹ ጉንጫቸው ላይ ቆመ።

«ታዲያ... ፋርማሲው አጠገብስ?»

«እዚህ ሰፈር ሌላ ፀጉር ቤት የት አለና?»

«ምነው ታዲያ ቢነግሩኝ!»

«ላንተ ነግሬ ሬዲዮ ሳይሰማ ሊቀር ነው? ለልጅህ ግን ነግሬያታለሁ፤ እንዳትነግርህም ቃል አስገብቻታለሁ። ውጤቷ የጎደለው በሕመም ነው ብዬ ግማሾቹን አሳምኜ ነበር። ከኔ ድምፅ ጋር እናልፍ ነበር። አንተ ስትወጣ አባላቱ ከሰብሳቢነትም ከድምፅም ተነሳ አሉኝ፤ ተነሳሁ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ። እኩል ሲሆን ደግሞ ውጤት ነው የሚታየው። ትናንት ማታ የፋርማሲስቱ ልጅ ተመረጠ።»

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ለልጁ ሊሟገት ሄዶ ጠበቃዋን በገዛ አፉ አባረረባት። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

በዚህ መሃል ልጅቱ የታጠቡትን ፎጣዎች ታቅፋ ከቤት መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ መስኮቱ ዳር የተቀመጡትን ሰው አየች፤ ፊታቸው ሙሉ አረፋ ነው። ምክትሉ እዚያች ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነገሩ ማለቁን የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

«መጡ እንዴ?» አለች።

አባቷ ዓይኑን ሰብሮ ብሩሹን አረፋው ውስጥ ነከረ፤ ነገሩ እንዴት እንዳለቀም ገባት።

ፎጣዎቹን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። አንዱን መዝዛ ለአባቷ አቀበለችው።

«አረፋው ሊደርቅ ነው አባዬ፤ ጨርስላቸው» አለችና ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን አቀና። ከጓዳው ምንም አይሰማም። እናቷም እንዲሁ ናት፤ ስታለቅስ ድምፅ የላትም።