ከመሊካ ጆሮ ጀርባ

ጋሼ ጠይብን ፊት ለፊት አንቱ እላቸዋለሁ። በልቤ አንተ ማለት ከጀመርኩ ግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ወጌሻ ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ አማኑኤል ትከሻው የወለቀ ኩሊ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። ከጆሮ ጀርባ መግል የቋጠረ እብጠትም በምላጭ ይበጣል። የኩሊዎቹን ሲበጣ ተሳስቶ አያውቅም። የእህቴን የመሊካንም የበጣው በዚያው እጁ፣ በዚያው ጥልቀት ነው። አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት ሲሆን መሊካ ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር።

በማግስቱ ስታለቅስ ግራ ፊቷ አላለቀሰም። አፏ ወደ ቀኝ ተሳበ፤ ግራ ዓይኗ አልከደን አለ።

እናቴ ጠሂራ ቀበሌ ከሰሰችው። እሱ በቀበሌው አዳራሽ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆመና፣ «ምላጬ ምን አጠፋ? በቀትር ሕፃን ታቅፋ ቆሻሻ መጣያ ላይ ቆማ ጋኔን በጥፊ መታባት» አለ። ሰው ሳቀ። አባቴ ጃፋር አልሳቀም፤ አመነው። ክረምቱ ሳይወጣ እናቴን ፈትቶ ደሴ ገባ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ልጁን ለእናቴ ማሳቀፍ ተወ።

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕክምና ስማር ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ አልፎ ከጆሮ ሥር ይወጣል። በአዋቂ ሰው ላይ ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብ ያለ አጥንት ይጋርደዋል። በጨቅላ ላይ ግን ያ አጥንት ገና አልበቀለም፤ ቦዩም አላደገም፤ ነርቩ ያለው ከቆዳው ሥር ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ይጽፋሉ፤ እኔ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን አጥንት እየዳበስኩ ተቀመጥኩ።

ለእናቴ ነገርኳት።

«የእኔና ያንቺ ማወቅ ምን ያደርጋል?» አለች። «እሱ ራሱ ይበለው። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት።»

እኔ በሰው ፊት ስናገር ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ። መጠበቅ ግን አውቃለሁ።

አንድ እሁድ ከእናቴና ከመሊካ ጋር የተገኘሁበት የቀበሌው ስብሰባ አብቅቶ ሰው ሊነሳ ሲል ጋሼ ጠይብ የልጁን ልጅ ካሚላን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። ጥርስ ያላበቀለች ጨቅላ ናት። ትኩሳቷ ያቃጥላል፤ ከጆሮዋ ጀርባ ያበጠው ጆሮዋን ወደ ፊት ገፍቶታል።

«ሰዓደት ልጄ፣ ሐኪም ቤት የምታውቂው ሰው አይጠፋም። ይዘሽልኝ ሂጂ።»

ሕፃኗን ተቀብዬ አየኋት። መግል ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት መግባት አለባት። ሁለቱም ዓይኖቿ ይከደናሉ። ለጥቂት ቃል የሚሆን ጊዜ ነበረኝ።

«ምላጭዎ የት አለ፣ ጋሼ ጠይብ?» አልኩት። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ለመስማት ዝም አለ።

«ምላጭ ምን ያደርጋል?»

«ይብጡላት እንጂ። የኩሊውን ሁሉ የሚበጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ትንሽ ናት እኮ።»

«ትንሽ ብትሆንስ?»

ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ደብሪቱ ከበሩ ሆና፣ «ቀትር አይደል፣ ጋኔኑን ፈርቶ ይሆናላ» አለች። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ትንሽ ብትሆንስ?» አልኩት ደግሜ። ሕፃኗን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ ነበር፤ እሱም እጆቼን ነበር የሚያየው።

«አጥንቷ አልጠናም። እዚያ ላይ ምላጭ ከገባ ፊቷ ይጣመማል።»

«ይህን መቼ አወቁ?»

እናቴን ላለማየት ጣሪያውን አየ።

«በመሊካ ጊዜ። ምላጩ ሲነካው ግማሽ ፊቷ ተንዘፈዘፈ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«ጋኔኑስ?» አለች እናቴ፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

«ጋኔን አልነበረም፣ ጠሂራ። እኔ ነኝ።»

«ደሴ ሄደህ ለጃፋርም እንዲሁ ትለዋለህ።»

ሊቀመንበሩ ወልደ ሚካኤል ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ «ደሴ መሄጃ የይለፍ ወረቀቱን እኔ እጽፍለታለሁ» አለ።

ካሚላን ታቅፌ ወጣሁ። ያገኘነው ታክሲ ውይይት ነበር፤ ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት። ጋሼ ጠይብ ጥጉን ያዘ። መሊካ ትከተለናለች ብዬ አላሰብኩም። ታክሲው ውስጥ ገባችና ልክ ከፊቱ ተቀመጠች። ከቤት በወጣች ቁጥር ግማሽ ፊቷን የምትሸፍንበትን ሻሽ ፈትታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አላት እንዳቀረቀረ።

«መጀመሪያ ይዩኝ።»

ቀና አለ። ፈገግ አለችለት። ግማሹ ፊቷ ሳቀ፤ ግማሹ እንደነበረ ቀረ። ታክሲው ተነስቶ ኩሊዎቹን በጡሩምባ እየገፋ ሲወርድ ዓይኑን ወደ መንገዱ አዞረ። መሊካ በጣቷ ጉልበቱን ነካ ነካ አደረገችው።

«ገና አልደረስንም» አለችው።